ስለ ራውተር ሁለት ቁልፎችና ስለ አጠባበቃቸው

ራውተር ምን እንደ ሆነ

ራውተር የሚባለው መሣሪያ አንድ ቤት ወይም አንድ ትምህርት ቤት ከኢንተርኔት ጋራ የሚገናኝበት ትንሽ ሳጥን ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መንገድ የሚመራ ማለት ነው። በአንድ ወገን ከውጭ የሚመጣው መሥመር ይገባበታል፤ ይህም መሥመር በአንዳንድ ስፍራ የመዳብ ሽቦ፥ በአንዳንድ ስፍራ ብርሃን የሚተላለፍበት ቀጭን የመስተዋት ክር፥ ሽቦ በማይደርስበት ገጠር ደግሞ የሞባይል ስልክ ሞገድ ነው። በሌላው ወገን የቤቱ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች በሽቦ፥ ወይም ያለ ሽቦ በዋይፋይ ይያያዙበታል።

ሥራው የኬላ ሹምን ሥራ ይመስላል። በኢንተርኔት የሚላከው ነገር ሁሉ፥ ጽሑፍም ቢሆን ሥዕልም ቢሆን ድምፅም ቢሆን፥ በትናንሽ እሽግ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱም እሽግ ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ በቍጥር ተጽፎበታል። ራውተሩ ቍጥሩን ተመልክቶ የውስጡን ለውስጥ፥ የውጭውን ለውጭ ይለያል። በኬላው ሳያልፍ የሚወጣ እሽግ የለም፤ በኬላው ሳያልፍ የሚገባም የለም።

የዚህ አድራሻ ቍጥር በቆየውና እስከ ዛሬ በብዙ ስፍራ በሚሠራበት አጻጻፍ አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱም ክፍል ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። በዚህ አጻጻፍ ሊገኝ የሚችለው አድራሻ ሁሉ ቢቈጠር 4,294,967,296 ይሆናል። ይህ ቍጥር ብዙ ቢመስልም ለዓለም ሕዝብ መሣሪያ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. በታተመው የኢንተርኔት ደንብ አንዳንድ ቍጥሮች ለቤት ውስጥ ብቻ እንዲሆኑ ተለይተው ተመደቡ፤ ከእነዚህም አንደኛው ወገን በ192.168 የሚጀምረው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት፥ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

እንግዲህ አርባ ኮምፒዩተር ያለው ትምህርት ቤት በውስጡ አርባ አድራሻ ይኖረዋል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ አርባው ሁሉ በራውተሩ በአንዱ አድራሻ ይታያሉ። ከዚህ የተነሣ ራውተሩ በክፉ ሰው እጅ ቢወድቅ፥ በዚያ አድራሻ የሚሠራው በደል ሁሉ በውጭ ላለ ሰው የትምህርት ቤቱ ሥራ ይመስለዋል። ራውተርን ተጠንቅቆ መያዝ የሚያስፈልግበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ሁለቱ ቁልፎች

ራውተር ሁለት ቁልፍ አለው። ሰዎች ሁለቱንም የይለፍ ቃል ብለው በአንድ ስም ይጠሯቸዋል፤ ሥራቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። ተማሪ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ቢሆን ይህን ልዩነት ይያዝ።

አንደኛው የዋይፋይ የይለፍ ቃል ነው። ይህ በኬላው ለማለፍ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚጠይቀው፥ ተማሪ በደብተሩ ጠርዝ ጽፎ የሚይዘው፥ ይህ ነው።

ሁለተኛው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ነው። ይህ በኬላው ለማለፍ ሳይሆን ኬላውን ለማዘዝ ነው። ይህን የያዘ ሰው ማን እንዲያልፍና ማን እንዳያልፍ ይወስናል፤ አንደኛውን ቁልፍ እንደ ወደደ ይለውጣል፤ መንገዱን ወደ ፈለገው ያዞራል፤ ከፈለገም የቀድሞውን ሹም ሽሮ ራሱ ሹም ይሆናል።

ብዙ ሰው አንደኛውን ቁልፍ ሲጠብቅ ይታያል፤ ሁለተኛው መኖሩን ግን ፈጽሞ አያውቅም። ብዙ ፋብሪካዎች ለብዙ ዘመን በሚሸጡት ሳጥን ሁሉ ላይ የአስተዳዳሪውን ስም አድሚን፥ የይለፍ ቃሉንም አድሚን እያሉ አንድ ዓይነት አድርገው ይልኩ ነበር። ይህም በመመሪያው መጽሐፍ የታተመ ስለ ሆነ፥ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ቁልፍ በመዝጊያው ላይ ተሰክቶ እንደ ተተወ ቁልፍ ነው፤ በሩ ተዘግቶ ቢታይም ተቈልፏል ሊባል አይቻልም።

ሁለተኛው ቁልፍ በሌላ እጅ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን

ሰው የአንድ ድረ ገጽን ስም በጻፈ ጊዜ፥ ኮምፒዩተሩ ያን ስም ወደ አድራሻ ቍጥር የሚለውጥለት መዝገብ ያስፈልገዋል። ይህ መዝገብ ዲኤንኤስ ይባላል። ኮምፒዩተሩ የትኛውን መዝገብ እንዲጠይቅ የሚነግረው አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ነው። እንግዲህ ክፉ ሰው ወደ ራውተሩ ገብቶ የእውነተኛውን መዝገብ ቍጥር ሰርዞ የሐሰተኛውን ቢጽፍበት፥ በዚያ ቤት ያለው ሰው የባንኩን ስም በትክክል ጽፎ ወደ ሌባው ገጽ ይደርሳል። ስሙን አላሳሳተም፤ ኮምፒዩተሩም አልታመመም፤ መንገዱን ያጣመመው ኬላው ነው።

ይህ ነገር በብራዚል አገር ተደርጓል። በ2012 ዓ.ም. ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ባለሙያ እንደ ገለጸው፥ በዚያ አገር ከ4 ሚሊዮን ተኩል የማያንሱ የኢንተርኔት ሳጥኖች መዝገባቸው ተለውጦባቸው ነበር። ሌቦቹ የገቡት በአንዳንድ ሳጥኖች የውስጥ ፕሮግራም ላይ በነበረ ጉድለት፥ ከሩቅ ሆነው ነው። ሰዎቹም የታወቁትን ድረ ገጾች እንከፍታለን ሲሉ የባንክ ምስጢራቸውን የሚሰርቅ ፕሮግራም እንዲጭኑ ወደሚያታልል ገጽ ይወሰዱ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ በ2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም ተነሣ፤ ሚራይ በጃፓን ቋንቋ የወደፊት ዘመን ማለት ነው። ይህ ፕሮግራም ረቂቅ ጥበብ አላስፈለገውም። ከ60 የሚበልጡ የፋብሪካ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን በዝርዝር ይዞ፥ በኢንተርኔት ላይ በሩ ክፍት የሆነውን ሳጥን እየፈለገ፥ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ይሞክር ነበር። ቁልፉ ያልተለወጠውን ራውተርና የጥበቃ ካሜራ ባገኘ ጊዜ ይገባና ለጌታው ታዛዥ ያደርገዋል፤ የተማረከውም ሳጥን በበኩሉ ሌላ ሳጥን ፍለጋ ይሄዳል። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር፥ እንዲህ የተማረኩ እጅግ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ዳይን በተባለው የአሜሪካ የዲኤንኤስ ኩባንያ ላይ ጥያቄ ስለ አዘነቡበት፥ ትዊተርን፥ ኔትፍሊክስንና ሌሎችንም ታላላቅ ድረ ገጾች ለመክፈት ለብዙ ሰዓት አልተቻለም። ሚራይን ያዘጋጁት ሦስት ወጣቶች በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነዋል። የሳጥኖቹ ባለቤቶች ግን አብዛኞቹ ንብረታቸው ለጦር መሣሪያነት መዋሉን ሳያውቁ ቀሩ።

ሦስተኛው በጀርመን አገር የሆነው ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር መጨረሻ በአውሮጳ አቈጣጠር፥ ዶይቸ ቴሌኮም የተባለው ኩባንያ ደንበኞች ከሆኑት 900,000 ያህሉ ኢንተርኔታቸው ተቋረጠ። አጥቂዎቹ ያንኳኩት የቴሌኮም ድርጅቶች ሳጥንን ከሩቅ ለማስተዳደር በሚጠቀሙበት በር ነበር። የጀርመኖቹ ሳጥኖች አልተማረኩም፤ ነገር ግን ከውጭ በመጣው ብዙ ማንኳኳት ተጨናንቀው ሥራቸውን አቆሙ።

ከነዚህ ከሦስቱ ታሪኮች ሦስት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው የሳጥኑ የውስጥ ፕሮግራም መታደስ እንዳለበት፥ ሁለተኛው የፋብሪካው ቁልፍ መለወጥ እንዳለበት፥ ሦስተኛው ወደ ውጭ የሚከፈተው በር መዘጋት እንዳለበት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፥ ይህ ሁሉ የሚሠራው ጉዳት ከመድረሱ አስቀድሞ ነው።

ወደ አስተዳዳሪው ገጽ ስለ መግባት

ሥራውን የሚሠራው ሰው በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋራ በሽቦ ያያይዝ፤ በዋይፋይ ላይ ሆኖ የዋይፋዩን ቅንብር ቢለውጥ ግንኙነቱ በመካከል ይቋረጥበታልና። ቀጥሎ ድረ ገጽ የሚከፈትበትን ፕሮግራም ከፍቶ፥ የድረ ገጽ ስም በሚጻፍበት ስፍራ የራውተሩን አድራሻ ይጻፍ። ይህ አድራሻ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ በሞባይል ሞገድ በሚሠሩ በአንዳንድ ሳጥኖች ደግሞ 192.168.8.1 ይሆናል። ትክክለኛው ቍጥር ከሳጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ገጹ ሲከፈት ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ እነዚህም በዚያው ወረቀት ወይም በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፈዋል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል አልገባ ካለ፥ ከዚህ በፊት የለወጠው ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ካልተገኘ በሳጥኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን ቁልፍ በቀጭን ነገር ለ10 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፥ ሳጥኑን ፋብሪካው እንደ ሠራው ያደርገዋል። ይህ ግን ቅንብሩን ሁሉ ስለሚያጠፋ፥ የመሥመሩን የመግቢያ ስምና ቃል ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት አስቀድሞ ሳይቀበሉ ማድረግ አይገባም።

ከዚህም ሌላ ትምህርት ይወጣል። ይህችን ቀዳዳ በእጁ ሊነካ የሚችል ሰው ሁሉ ሁለተኛውን ቁልፍ ሳያውቅ ሹም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳጥኑ በመተላለፊያ ወይም በክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለሁሉ እጅ የተጋለጠ እንዳይሆን፥ አየር በሚገባበት ሣጥን ወይም በር ባለው ክፍል ተቈልፎ ይቀመጥ።

ቁልፉን ስለ መለወጥ

የመጀመሪያው ሥራ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል መለወጥ ነው። ጥሩ የይለፍ ቃል ከሁሉ በፊት ረጅም ይሁን። ምክንያቱም በሒሳብ ይታወቃል። አራት አኃዝ ያለው ቍጥር ሊሆን የሚችለው በ10,000 መንገድ ብቻ ነው። ከ26ቱ የላቲን ፊደላት በዕጣ የተመረጡ ስምንት ፊደላት ግን በ208,827,064,576 መንገድ ሊጻፉ ይችላሉ። አራት ፊደል ብቻ ጨምሮ አሥራ ሁለት ቢደረግ ይህ ቍጥር 456,976 ጊዜ ይበዛል። ይህ ሒሳብ ግን የሚሠራው ፊደላቱ በዕጣ ለተመረጡ ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ስም፥ የርእሰ መምህሩን ስም፥ የተወለዱበትን ዓመት፥ ወይም ተከታታይ ቍጥር ሌባው አስቀድሞ ይሞክራልና።

ለማስታወስ የሚቀለው መንገድ እርስ በርሳቸው ዝምድና የሌላቸውን አራት ወይም አምስት የአማርኛ ቃላት መርጦ በላቲን ፊደል አገናኝቶ መጻፍ ነው። አብዛኞቹ ሳጥኖች የይለፍ ቃልን በግዕዝ ፊደል አይቀበሉም። ቃላቱ ከተረት፥ ከመዝሙር ወይም ከታወቀ ንግግር የተወሰዱ አይሁኑ። የአስተዳዳሪው ቃል ከዋይፋዩ ቃል ፈጽሞ የተለየ ይሁን፤ ሁለቱ አንድ ከሆኑ ለእንግዳ የማለፊያ ፈቃድ የሰጠ ሰው ሹመቱንም አብሮ ሰጠ ማለት ነው።

ስለ ዋይፋይ ምስጢር አያያዝ

ዋይፋይ ድምፁን በአየር የሚያሰማ ስለ ሆነ፥ ከግቢው ውጭ የቆመ ሰውም ይሰማዋል። ስለዚህ የሚነገረው ነገር በምስጢር ይጻፋል። ይህ የምስጢር አጻጻፍ ብዙ ዓይነት አለው፤ ሳጥኑም የትኛውን እንዲመርጡ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ደብልዩኢፒ የተባለው በ2001 ዓ.ም. ሊፈታ እንደሚችል ስለ ተገለጸ ዛሬ ሊሠራበት አይገባም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው ደብልዩፒኤ2 ጥሩ የይለፍ ቃል ካለው ይበቃል፤ በ2018 ዓ.ም. የወጣው ደብልዩፒኤ3 ከእርሱ ይበልጣል። አሮጌ ስልኮች አዲሱን የማያውቁ ከሆነ ሁለቱን አጣምሮ የሚቀበለውን መምረጥ ይቻላል።

ደብልዩፒኤስ የተባለው ማቃለያ ግን መዘጋት አለበት። ይህ ረጅሙን የይለፍ ቃል ሳይጽፉ በ8 አኃዝ ቍጥር ለመግባት የተሠራ ነው። ስምንተኛው አኃዝ ከሰባቱ ተሰልቶ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ በእውነት የሚፈለገው 7 አኃዝ ነው፤ ይህም 10,000,000 ሙከራ ይጠይቃል። በየ3 ሴኮንዱ አንድ ሙከራ ቢደረግ 347 ቀን ያህል ይፈጃል። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ እንደ ተገለጸው፥ ሳጥኑ ስለ መጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች ትክክለኛነት ለብቻ ይመልሳል። ስለዚህ ሌባው መጀመሪያ 10,000፥ ቀጥሎ ለቀሩት ሦስት 1,000፥ በድምሩ 11,000 ሙከራ ብቻ ይበቃዋል። ይህም በዚያው ሒሳብ 9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። አንድ ዓመት ሊፈጅ የተቃረበው መዝጊያ በአንድ ሌሊት ተከፈተ፤ መዝጊያውን ያደከመው የቍጥሩ ማነስ ሳይሆን የበረኛው ለፍላፊነት ነው።

ወደ ውጭ የሚከፈቱትን በሮች ስለ መዝጋት

በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ የሩቅ አስተዳደር የሚባል ምርጫ አለ። ይህ ክፍት ሲሆን በዓለም ያለ ሰው ሁሉ የአስተዳዳሪውን በር ማንኳኳት ይችላል። ትምህርት ቤት ራውተሩን ከግቢው ውስጥ ሆኖ ማዘዝ ስለሚችል ይህ ምርጫ ይዘጋ። ሳጥኑ የአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ንብረት የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ድርጅቱ ለጥገና የሚጠቀምበት ልዩ በር ሊኖር ይችላልና፥ ያን ሳይጠይቁ አይዝጉት።

ቴልኔት የተባለው የቆየ የማዘዣ መንገድም ይዘጋ። ቴልኔት የይለፍ ቃሉን ያለ ምስጢር በግልጥ ስለሚልክ በመንገድ የቆመ ሁሉ ያነበዋል። በ1995 ዓ.ም. በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ታቱ ዩሎነን፥ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ተሰርቀው ስለ ነበር ኤስኤስኤች የተባለውን ምስጢራዊ መንገድ ሠራ። ሳጥኑን በጽሑፍ ትእዛዝ ማስተዳደር ያስፈለገው ሰው በዚህ ይጠቀም።

ብዙ መሣሪያ ባለበት ትልቅ ትምህርት ቤት ኤስኤንኤምፒ የተባለ የመቈጣጠሪያ ሥርዓት ይገኛል። ይህም አንድ ሰው በአንድ ኮምፒዩተር ተቀምጦ የራውተሮቹን ሁሉ ሁኔታ የሚጠይቅበት ነው። የቀድሞዎቹ ሁለት ዓይነቶች የሚጠብቃቸው አንድ ቃል ብቻ ሲሆን፥ ይህም ቃል በግልጥ ይላካል፤ ብዙ ፋብሪካዎችም ለማንበብ ፐብሊክ፥ ለመለወጥ ፕራይቬት የሚለውን ቃል ያስገቡበታል። ሥርዓቱ የማያስፈልግ ከሆነ ይዘጋ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ ጠያቂውን የሚለየውና ምስጢር የሚጠብቀው ሦስተኛው ዓይነት ይመረጥ፤ የፋብሪካውም ቃል ይሰረዝ።

ስለ ማደስና መንገድን ስለ መለየት

ፈርምዌር የሚባለው የሳጥኑ የውስጥ ፕሮግራም ጉድለት ሲገኝበት ሠሪው አዲስ ያወጣል። በ2018 ዓ.ም. በግንቦት ወር በአውሮጳ አቈጣጠር፥ ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ባለሙያዎች ቪፒኤንፊልተር የተባለ ክፉ ፕሮግራም በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችና ሌሎች የኔትወርክ መሣሪያዎች እንደ ያዘ ገለጡ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮም ባለቤቶች ሳጥናቸውን አጥፍተው እንዲያበሩና እንዲያድሱ መክሯል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ አስተዳዳሪው ገጹን ከፍቶ አዲስ ፈርምዌር መኖሩን ይመልከት። በሚያድስበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ሳጥኑ ሊበላሽ ስለሚችል፥ መብራት በማይቋረጥበት ሰዓት ይሥራው።

ሳጥኑ የእንግዳ ዋይፋይ ያለው እንደ ሆነ ተማሪዎችና እንግዶች በእርሱ ይግቡ፤ የተማሪ ውጤት የሚጻፍባቸው የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሮች ግን በዋናው ይሁኑ። የእንግዳው ወገን የጽሕፈት ቤቱን እንዳያይ መከልከሉ በገጹ ላይ ይረጋገጥ። እንዲህ ቢሆን በአንድ ተማሪ ስልክ የገባ ክፉ ፕሮግራም ወደ መዝገቡ በቀላሉ አይሻገርም።

ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው

ሁለተኛው ቁልፍ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ መኖር የለበትም። አስተማሪ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ቃሉን ይዞ ቢሄድ፥ የሚቀሩት ሰዎች በራሳቸው ቤት እንግዳ ይሆናሉ። ስለዚህ የኮምፒዩተር አስተማሪውና ርእሰ መምህሩ ሁለቱ ይወቁት፤ በወረቀትም ተጽፎ በታሸገ ፖስታ በርእሰ መምህሩ ካዝና ይቀመጥ። ከሁለቱ አንዱ ሥራውን በለቀቀ ቀን ቃሉ ይለወጥ፤ ይህም ሰውየውን ስለ መጠርጠር ሳይሆን፥ ሹመቱ ካለፈ ቁልፉም ማለፍ ስለሚገባው ነው። የተለወጠው ቅንብር ሁሉ ቀንና የሠራተኛው ስም እየተጻፈበት በደብተር ይመዝገብ። ሥራው ሲያልቅም ከገጹ መውጣት አይረሳ።

ሳጥኑ ተማርኮ እንደ ሆነ የሚያስጠረጥሩ ምልክቶች አሉ። የዲኤንኤሱ ቍጥር በደብተሩ ከተመዘገበው ተለይቶ ቢገኝ፥ ማንም ሳያዝዝ የይለፍ ቃሉ ቢለወጥ፥ የማይታወቅ መሣሪያ በዝርዝሩ ቢታይ፥ ወይም የታወቀ ድረ ገጽ ሲከፈት ገጹ የሚያስተማምን አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ፥ ማስጠንቀቂያውን አልፎ መሄድ አይገባም። የራውተሩ የራሱ ገጽ በቤት ውስጥ ሲከፈት እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሳይ ይችላል፤ የባንክ ገጽ ግን እንዲህ ካለ ሥራው ይቁም። ሳጥኑ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ተመልሶ፥ ፈርምዌሩ ታድሶ፥ ሁለቱም ቁልፎች ከአዲስ ይለወጡ።

ሕግ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚል

በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደ በላይ ወደ ሰው ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ይቀጣል። ስለዚህ የጎረቤቱን ራውተር ቁልፍ ገምቶ የገባ ወጣት፥ ምንም አልወሰድሁም ብሎ ሊያመካኝ አይችልም፤ በሩ ገርበብ ብሎ መገኘቱ ለመግባት ፈቃድ አይሆንምና።

በሌላው ወገን ሠሪዎችን የሚያስገድድ ሕግም ወጥቷል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከጥር 1 ቀን 2020 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በታላቋ ብሪታንያም ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ቀኖቹ በአውሮጳ አቈጣጠር ሲሆኑ፥ ለሁሉ ሳጥን አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ የይለፍ ቃል ተከለከለ። ከዚያ በፊት የተሠሩት ሳጥኖች ግን ገና በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ አሉ። ሕጉ አዲሱን ሳጥን ያርማል እንጂ አሮጌውን አያርምም፤ የአሮጌውን ቁልፍ የሚለውጠው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሥራውም ከአንድ የትምህርት ሰዓት አይበልጥም።

ለተማሪዎች የቀረበ ጥያቄ

1ኛ፤ የራውተር ሁለት ቁልፎች የትኞቹ ናቸው? የእያንዳንዳቸው ሥራ ምንድር ነው?

2ኛ፤ ራውተሩ የሐሰተኛ ዲኤንኤስ ቍጥር ቢጻፍበት፥ የባንኩን ስም በትክክል የጻፈ ሰው ለምን ይሳሳታል?

3ኛ፤ የደብልዩፒኤስ ቍጥር ከ10,000,000 ሙከራ ወደ 11,000 የወረደው ለምንድር ነው? በሒሳብ አስረዱ።

4ኛ፤ ከአሥር አኃዞች በዕጣ የተመረጠ ስድስት አኃዝ ያለው የይለፍ ቃል በስንት መንገድ ሊጻፍ ይችላል?

5ኛ፤ በትምህርት ቤታችሁ ራውተሩ የተቀመጠበትን ስፍራ ሳትነኩ ተመልከቱ፤ ያለፈ ሰው ሁሉ ሊደርስበት ይችላልን? ያያችሁትን ለአስተማሪያችሁ ንገሩ።